የእትዬ የወርቅውሃ አብዛገ

«ስሙኝማ፣ እናንተ!» አሉ እትዬ የወርቅውሃ፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ወርወር አድርገው። «ልጄ ለአሜሪካኖቹ መልስ ሰጠ! አብዛገ ልኮላቸዋል! አለቀ፣ ደቀቀ!»

ቅዳሴ አልቆ ጸበል ጻዲቅ የሚታደልበት አዳራሽ በእልልታ ተናጋ። ከሴቶቹ ግማሾቹ ቃሉን አያውቁትም፤ የእትዬን ፊት አይተው ብቻ ነው እልል ያሉት። ዕንቁ የዳቦውን ትሪ ይዛ ፊታቸው ቆማ ነበር። ትሪው እንዳይወድቅባት ከመፍራቷ የተነሳ ጣቶቿ እስኪነጡ ጨበጠችው።

አብዛገ! ይህችን የጀርመን ቃል ዕንቁ እንደ ስሟ ታውቃታለች። የአረጋውያን እንክብካቤ አውስቢልዱንግ፣ ያው እየሠሩ የሚማሩትን ትምህርት ለማግኘት ስትባዝን ፍራንክፈርት ውስጥ ያላንኳኳችው መጦሪያ አልነበረም። ሃያ ቦታ አመልክታ አሥራ ዘጠኙ የላኩላት አብዛገ ነበር። «ይቅርታ፣ አንቀበልሽም» ማለት ነው። ሃያኛው ብቻ ጹዛገ ሆነላት፤ «እሺ፣ ነይ» የሚለው። እንግዲህ የእትዬ ልጅ፣ የሷ ገናናው፣ ለአሜሪካኖቹ አብዛገ ላከ ማለት እምቢ አላቸው ማለት ነው። ሌላ ምን ትርጉም ይኖረዋል?

እትዬ የወርቅውሃ ከትሪው ላይ ቁራሽ አንስተው ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አስተያየታቸው ረዘም ያለ ነበር።

«ምነው ፊትሽን አጠቆርሽ? አንቺም ደስ ይበልሽ እንጂ፤ የድርሻሽ አለበት» አሏት።

«እሺ እትዬ፣ እግዜር ያክብርልኝ» አለች፣ ምን እንዳለች እንኳ ሳታውቀው። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ባለፈው መስከረም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ እዚያ ምሰሶ ሥር ቆመው «ዱልዱንግ የያዙት ልጆች ጀርመናዊ ፓስፖርት ያለው ወንድ ሲያዩ ዓይናቸው ቦግ ይላል» ሲሉ በጆሮዋ ሰምታቸዋለች። ዱልዱንግ «ለጊዜው አናባርርሽም» የሚል ወረቀት ነው። ዕንቁ የያዘችው እሱን ነው። የገናናው እናት ማንን እያሉ እንደነበር ለማንም ግልጽ ነው።

እና አሁን «የድርሻሽ አለበት» ሲሏት፣ «ለወረቀትሽ ብለሽ አስቀረሽልኝ፤ እኔም ልጄ ስለቀረልኝ ይሁን ብያለሁ» ያሏት መሰላት።

እውነቱን እንነጋገር ካልን ግን መጀመሪያ ልቧ ውስጥ የገባው ደስታ ነው። ቀረ! አይሄድም! ለኔ ብሎ ቀረ! ትሪውን አስቀምጣ ካፖርቷን ለብሳ እስክትወጣ ድረስ በዚያ ደስታ ተንሳፈፈች። ደጅ ስትወጣ የጥር ብርድ ፊቷን ገረፋት፤ ያን ጊዜ ነው ማፈር የጀመረችው።

*

አክስቷ ቤት ወዳለበት ወደ ኖርድቬስትሽታት ሰፈር በሚወስደው ኡ-ባን፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ መስኮቱ ጥግ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች፤ መልሳ ከተተችው። ለመደወል አይቻልም። ሐሙስ ዕለት ተጣልተዋል። «ሂድ» አለችው፣ «አልሄድም» አላት፣ «በኔ ሰበብ ከቀረህ ዓይንህን አላየውም» አለችው። እሱም ኮስተር ብሎ «እስከ ረቡዕ አትደውይልኝ። መልሴን ዓይንሽን እያየሁ ነው የምነግርሽ» ብሏት ሄደ።

አሜሪካኖቹ ገናናውን ስለፈለጉበት ጨዋታ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ፤ እኔም የገባኝ በዕንቁ በኩል ነው። አሜሪካኖች እግር ኳስ የሚሉት በእጅ ታቅፈውት የሚሮጡትን ነው። ራስ ቁር አድርገው፣ ትከሻቸውን አሳብጠው ሲላተሙ ይውላሉ። ኳሷን በእግሩ የሚመታ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሲያቅታቸው ይጠራና በሁለት ረጃጅም ብረቶች መሃል አሻግሮ ሦስት ነጥብ ያመጣላቸዋል። ገናናው ያ ሰው ነው። አባቱ ኢንጂነር ባሕሩ፣ በተማሪነታቸው ዘመን መጥተው ቬስትኤንድ ውስጥ ተንደላቀው የሚኖሩት፣ «ከዚያ ሁሉ ጎረምሳ መሃል እግር ኳስ የሚጫወተው የኔ ልጅ ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዳሉ።

የተዋወቁትም በዚያው እግር ነው። ዕንቁ የምትሠራበት መጦሪያ ጀርባ የገናናው የወጣቶች ቡድን ሜዳ አለ። አንድ ቀን ኳስ አጥር ዘሎ የመጦሪያው የአትክልት ቦታ ውስጥ ወደቀ። ወርውራ ብትመልስለት በማግሥቱም ወደቀ፣ በሦስተኛውም። «ሆን ብለህ ነው?» ስትለው «አርባ ሰባት ያርድ የሚመታ ሰው ኳስ አጥር ቢያሻግር ሆን ብሎ ነው እንጂ!» አላት። ከዚያ ወዲህ በእረፍት ሰዓቷ በስልኳ ትቀርጸው ጀመር። ስትቀርጽም በአማርኛ ትቆጥርለታለች። ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣ ውይ! ሠላሳ ሁለት።

ያ ቪዲዮ ነው አሜሪካ የደረሰው። ሃርበን የሚባል፣ በበቆሎ ማሳ የተከበበ ዩኒቨርሲቲ አለ። ቡድኑ ሽመላዎቹ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ግማሹን ሲያሸንፍ ግማሹን ሲሸነፍ የኖረ፣ ጎበዝም ሰነፍም ተብሎ የማያውቅ ቡድን ነው። አምና አራት ጨዋታ የተሸነፈው መቺው ስለሳተ ብቻ ነው። ተጫዋች የሚመለምለው አሰልጣኝ የዕንቁን ቪዲዮ አይቶ ደወለ፤ ሙሉ ትምህርት በነጻ፣ አራት ዓመት።

እሺ፣ ይኼ ሁሉ ደኅና። የዕንቁን ልብ የማረከው ግን የደጋፊዎቹ የኢንተርኔት ገጽ ነው። ወሬው ሲወጣ ሰዎቹ ቪዲዮውን ለጥፈው ይቆጥሩ ጀመር፤ የአማርኛውን ቁጥር እንደ ሰሙት ጽፈው፣ አበላሽተው። አንዱ «ይህች የምትቆጥረው ልጅ ማን ናት?» ብሎ ጠየቀ። ስሙን በስታዲየም መቀመጫው «ረድፍ አሥራ ሁለት፣ ወንበር ዘጠኝ» ብሎ ነው የጻፈው። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። ወንበር አሥር የሚስቱ ነበር፤ ካረፈች ሦስት ዓመት ቢሆናትም ወንበሩን ለማንም አልለቀቀም። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ «ዘንድሮስ ይለይልናል» ብሎ ይጽፋል። በየዓመቱ አይለይላቸውም።

ዕንቁ ስልኳ እየተረጎመላት አንድ ጥያቄ ጻፈችለት። «ቢስትስ?»

መልሱን በቃሏ ይዛዋለች። «አንድ ደቂቃ እንጮህበታለን። ከዚያ ቤታችን ወስደን እራት እናበላዋለን። እኛ መሸነፍ የለመድን ሰዎች ነን፣ ልጄ፤ አንድ ቀን ሳተ ብለን ሰው አንጥልም። አንቺስ አብረሽው ትመጪያለሽ?» እሷም «ወረቀት የለኝም» አለችው።

ሐሙስ ዕለት «ሂድ» እንድትል ያደፋፈራት እንዲህ ያለ ሰው ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ሰው ሲስት የማይጥሉ ሰዎች ዘንድ ነው የምትልከው፤ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ታመጣለታለች? እና አሁን ያ ሽማግሌ ባዶ ወንበሩ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ልጁ ደግሞ በሷ ምክንያት አይመጣም። ገጹን ከፍታ ማየት አልቻለችም። በዚያች ደቂቃ ራሷን ጠላች።

*

አክስቷ አዳነች ከጽዳት ሥራ ተመልሳ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ማድ ቤት ተቀምጣ እግሯን ስታሻሽ አገኘቻት። ዕንቁ ከመሳቢያ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለች።

«ደግሞ ደብዳቤ!» አለች አዳነች። «ሰው በስልክ በሚጨርሰው ነገር እናንተ ወረቀት ትፈጃላችሁ።»

«ፊደል እንዲለምድ ነው።»

እውነት ነው። ገናናው አማርኛውን ይናገረዋል፤ ንባብ ላይ ግን ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሩት ሀ ሁ ብቻ ነበር የቀረው። ስለዚህ ዕንቁ ትጽፍለታለች፣ የጎሉ ብረቶች በተጠቀለሉበት ስፖንጅ ዚፕ ውስጥ ትከትለታለች፣ እሱም አጥሩ ጋ መጥቶ ፊቷ ቆሞ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ሲሳሳት ታርመዋለች። ፍቅራቸው እንዲህ ነው ፊደል የቆጠረው።

«ዛሬ ግን ለፊደል ብቻ አይመስለኝም» አለች አዳነች።

«አክስቴ፣ ሰው የሚወደውን ሰው አልወድህም ብሎ መጻፍ ይችላል?»

አዳነች እግሯን ማሸት አቆመች። «ለምን ሲባል?»

«እንዲሄድ። ለሱ ሲባል። ነገ ከነገ ወዲያ አርባ ዓመት ሲሞላው 'ከአሜሪካ የቀረሁት ላንቺ ብዬ ነው' እንዳይለኝ። እናቱም 'ለወረቀቷ ብላ አስቀረችው' እንዳይሉኝ።»

«እናቱን ተያቸው! አንቺ ምን ይሰማሻል?»

ዕንቁ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ጠብ ብሎ ሊያበላሽባት ሲል በእጅጌዋ ያዘችው። አዳነች ተነስታ ጀርባዋን ደባበሰቻትና «እኔ ብሆን አልጽፍም ነበር። አንቺ ግን ከኔ ትበልጫለሽ» አለቻት።

ደብዳቤው አጭር ነበር። አራት ጊዜ ገለበጠችው። በመጨረሻ ሁሉን ነገር ጽፋ ስሟን አስፍራ ካጠፈችው በኋላ መልሳ ከፈተችና ከስሟ በታች አንዲት መስመር ጨመረች። ለምን እንደጨመረቻት ለራሷም አልገባትም። ቀኑ ሳይጨልም ሜዳው ድረስ ሄዳ ስፖንጁ ውስጥ ከተተችው። ሜዳው ላይ ማንም አልነበረም፤ ብረቶቹን ታቅፋ ትንሽ ቆመች።

*

ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ረቡዕ ሃርበን አዲሶቹን ልጆች በይፋ የሚያስታውቅበት ቀን ነው። ዕንቁ ከጠዋት ጀምሮ ስልኳን የልብስ ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋ ከአልጋ አልጋ ስትሮጥ ዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁልጊዜ መስኮት ሥር የሚቀመጡት ወይዘሮ ኬስለር በጣታቸው መስተዋቱን መቱ።

«ያ መቺ ልጅ መጣ!» አሏት በጀርመንኛ። «ኳስ ግን አልያዘም።»

ጋውኗን እንደለበሰች ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ለምን እንደምትሮጥ ታውቀዋለች። እንዳያነበው! ሦስት ቀን ሙሉ ያነበዋል ብላ ስትጨነቅ ከርማ፣ አሁን ደብዳቤውን ከእጁ መንጠቅ ብቻ ነው የፈለገችው።

ቀደማት። አጥሩ ጋ ስትደርስ ዚፑን ከፍቶ ወረቀቱን አውጥቶ እየሳቀ ወደሷ እየመጣ ነበር። ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ዓይኖቹ ያበራሉ።

«ደብዳቤ አለኝ! ተቆጥተሽም ጽፈሽልኛል ማለት ነው! አሰልጣኙ እግርህን አሳርፍ ስላለኝ ነው እስከ ዛሬ ያልመጣሁት። ቆይ፣ መጀመሪያ ላንብብልሽ፣ ከዚያ እኔም የምነግርሽ አለኝ።»

«አታንብበው፣ ገናናው! ስጠኝ፣ ተሳስቼ ነው!» በሽቦው ቀዳዳ እጇን ሰደደች።

«ኖ ኖ! ሕጉ ሕግ ነው» አለና ሁለት እርምጃ አፈግፍጎ ወረቀቱን ዘረጋ። እንደ ልማዱ ጣቱን ፊደሉ ሥር አስቀመጠ።

«ገ-ና-ና-ው... ገናናው። ይህቺን አውቃታለሁ» አለና ሳቀ። «እ-ኔ... እኔ። አ-ል... አል-ወ-ድ... አልወድ-ህ-ም።»

ቆመ። ጣቱን ወደ መጀመሪያው መለሰና እንደገና ሞከረ። ግንባሩ ተኮማተረ።

«ዕንቁዬ፣ እርሚኝ። 'እወድሃለሁ' ነው የሚለው አይደል? አንዱን ፊደል አጥፍቻለሁ መሰለኝ።»

ይህ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ሊላት ይችላል?  አሁን «አዎ፣ ተሳስተሃል» ብትለው ሁሉ ነገር ያልቃል፤ ግን ይቀራል፣ አይሄድም። ሽቦውን በሁለት እጇ ጨብጣ መሬት መሬት እያየች፣

«ትክክል ነው ያነበብከው» አለችው።

ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። ያን ጊዜ ቀና ብላ በማየቷ ከልቧ ተጸጸተች። እሱ ግን ንባቡን አላቆመም፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ ፊደል በፊደል፣ እያንዳንዷን እየለቀመ ቀጠለ። «ወድጄ... ወድጄህም... አ-ላ-ው-ቅም። ብቸኝነት ነው። ስለዚህ... ለኔ ብለህ... አትቅር።» የገዛ ውሸቷን በሱ አፍ፣ እንዲህ ተቆራርጦ፣ እየዘገየ ስትሰማው ሰው ቢገርፋት ይሻላት ነበር። «ለሃርበን... አ-ብ-ዛ-ገ... አብዛገ... መላክህን ሰምቻለሁ። ዛሬውኑ ደውልና... ተሳስቼ ነው በላቸው። እኔን ግን... አትፈልገኝ። ዕንቁ።»

ከዚያ ጣቱ ከስሟ ወረድ አለ።

«እዚያ ክረምቱ... ከኛ የባሰ ነው አሉ። ወፍ-ራም... ካልሲ ያዝ። በተለይ... ለቀኝ እግርህ።»

ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ አነበባት። ሁለተኛውን ጊዜ አንድም ፊደል አልሳተም። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ከንፈሩ ግን ሊስቅ ይታገላል።

«አንዲት ሴት የማትወደውን ሰው ካልሲ ያዝ ትለዋለች?»

«ገናናው...»

«መልሽልኝ! የማትወደው ሰው የትኛው እግሩ እንደሚበርደው ታውቃለች?»

«እወድሃለሁ!» ብላ ጮኸች። ከላይ የወይዘሮ ኬስለር መስኮት ተከፈተ፤ ግድ አልሰጣትም። «እወድሃለሁ፣ እሺ? እንድትሄድልኝ ነው እንጂ! ለኔ ብለህ እምቢ ስላልካቸው ነው! ያ ሽማግሌ ባዶ ወንበር አቅፎ ሲጠብቅህ፣ እኔ እዚህ በወረቀት ፈላጊነት ስታማ...»

«ቆይ፣ ቆይ። ማን ነው እምቢ ያለው?»

«አንተ! አብዛገ ልከሃል!»

«ማን ነገረሽ?»

«እናትህ ናቸዋ! እሑድ አዳራሽ ውስጥ፣ እልል እያሉ!»

ገናናው አፉን ከፍቶ አያት። ከዚያ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ወደ ሰማይ ቀና አለና በሳቅ ፈነዳ። ሳቀ፣ ሳቀ፣ አጥሩን ተደግፎ እስኪንበረከክ ድረስ ሳቀ። ዕንቁ ግራ ገብቷት በሽቦው መሃል ትከሻውን ነካችው።

«ምን ያስቅሃል? አበድክ እንዴ?»

«እናቴ... እናቴ ሠላሳ አራት ዓመት ጀርመን ኖራ እነዚህን ሁለት ቃላት ለይታቸው አታውቅም! አባዬ በየጊዜው ያርማታል፣ እሷ ግን እምቢ አለች። ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? 'አብ ያለበት ቃል እንዴት ክፉ ሊሆን ይችላል? አብዛገ ነው ደጉ። ጹዛገ ሲሉኝ ጾም ጾም ይሸተኛል!'»

ዕንቁ አፏን በእጇ ያዘች።

ካፖርቱን ከላይ እስከ ታች ፈታው። ከሥሩ የለበሰው ሹራብ ደረት ላይ አንድ ረጅም አንገቱን የቀለሰ ሽመላ ነበር። «ቅዳሜ ጹዛገ ላክሁ። ዛሬ ጠዋት አባዬ አጠገቤ ቆሞ ፈረምኩ። ሐሙስ ከተጣላን በኋላ ሁለት ቀን አስቤ፣ አንቺ ልክ እንደሆንሽ ገባኝ። ዓይንሽን እያየሁ የምነግርሽ ይህንን ነበር። ስልክሽን ክፈቺ ካላመንሽኝ።»

ሮጣ ሄዳ ሳጥኗን ከፍታ ስልኳን ይዛ ተመለሰች። ከወንበር ዘጠኝ መልእክት ገብቷል። ስልኩ እየተረጎመ አስነበባት። «የምትቆጥሪው ልጅ! ፈረመ! ዘንድሮስ ስምንት ጨዋታ እናሸንፋለን፤ ሰባትም ቢሆን አልቀየምም። ቢስትም እራቱ አለ። ወንበር አሥርን ወረቀትሽ እስኪደርስ እጠብቅልሻለሁ፤ ሚስቴ ቆጣሪ ሰው ትወድ ነበር።»

ዕንቁ ሽቦው ላይ ግንባሯን አስደግፋ አለቀሰች። የጨነቃት ሁሉ፣ ከእሑድ ጀምሮ የተሸከመችው ሁሉ ወጣ። ደግሞም ሌላው ገባ፤ ይሄዳል። የእውነት ይሄዳል። ሐምሌ ላይ፣ አራት ዓመት።

«አሁንስ ለምን ታለቅሻለሽ?» አላት በቀስታ፤ ጣቶቹን በሽቦው ቀዳዳ አሳልፎ ጣቶቿን ያዘ።

«ስለምትሄድ።»

«ሂድ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«እና ሂድ ያለ ሰው አያለቅስም?»

እንደገና ሳቁ፤ ሁለቱም፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ።

«ስሚኝ» አላት። «አሰልጣኙ ባለፈው ሳምንት እናቴን በስልክ አነጋገራት። እኔ አስተረጎምኩ። 'እመቤቴ፣ ልጅዎን እንደ ልጄ ነው የማየው' አላት፤ ያው መልማይ ነው፣ እናት ማሳመን ሥራው ነው። ትንሽ ለዘብ አለች። ከዚያ ዞር ብላ 'ያቺ ልጅስ ምን አለችህ?' አለችኝ። 'ሂድ አለችኝ፤ ካልሄድክ ዓይንህን አላይም አለችኝ' አልኳት። ዝም አለች። ምን ያህል ዝም እንዳለች ብታይ! 'ወረቀት የምትፈልግ ልጅ እንኳን ሂድ ልትልህ እግርህን ታስርህ ነበር። ኃጢአቷን ተሸክሜአለሁ፣ አምላኬ ይቅር ይበለኝ' አለች። አዳራሽ ውስጥ አይታሽ ምንም አላለችሽም?»

«'የድርሻሽ አለበት' አሉኝ» አለች ዕንቁ፣ ድምጿ እየሰለለ። አሁን ነው የእትዬ አስተያየት ለምን እንደረዘመ የገባት። ምስጋና ነበር። እሷ ስድብ አድርጋ ሦስት ቀን አብሰለሰለችው።

ገናናው ጣቶቿን ጠበቅ አደረገ።

«ዛሬ ጠዋት ከፈረምኩ በኋላ እናቴ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'ሳትሄድ ለአዳነች ሽማግሌ ይላክ' አለችኝ። እኔ ግን መጀመሪያ አንቺን ልጠይቅ አልኳት። አራት ዓመት ነው፣ ዕንቁዬ። ሩቅ ነው። ልስት እችላለሁ፣ ልጮህብሽ እችላለሁ፣ ልናፍቅሽ እችላለሁ። ሽማግሌ ልላክ?»

ዕንቁ ቀና ብላ አየችው።

«ቀለበቱን እሺ። የጋብቻውን ፊርማ ግን አሁን አይደለም። የመጨረሻ ፈተናዬ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቶታል። አልፌ፣ የመኖሪያ ፈቃዴን በራሴ ስም አውጥቼ፣ ያን ወንበር በራሴ ወረቀት መጥቼ እቀመጥበታለሁ። ከዚያ ነው የምንፈራረመው። ማንም አፉን እንዳይከፍትብኝ።»

«የሃርበን ሰዎች ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቀዋል።»

«እነሱስ 'ዘንድሮስ' እያሉ ነው። እኔ የያዝኩትን አውቄ ነው የምጠብቀው።»

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አየና ፈገግ ብሎ በአጥሩ ቀዳዳ አሾልኮ ሰጣት። «ከጠዋት ጀምሮ አምስተኛዋ ነው። አንቺው ንገሪያት።»

ዕንቁ ጋውኗን አስተካከለች፤ እትዬ የሚያዩዋት ይመስል።

«ሃሎ፣ እትዬ የወርቅውሃ? እንደምን ዋሉ? ዕንቁ ነኝ።»

በወዲያኛው በኩል ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ከዚያ እኚያ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የማይፈሩ ሴት በአንዲት ቀጭን፣ በፈራች ድምፅ፣

«ልጄ... ምን አልሽው?» አሏት።

ዕንቁ ገናናውን አየችው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ አልጠረገችውም። በሕይወቷ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ በወረቀት ተጽፎ የመጣላትን፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ያስለቀሳትን ቃል፣ አሁን ልቧ በደስታ ሊፈነዳ እያለ በገዛ አፏ አለችው።

«አብዛገ፣ እትዬ። አብዛገ ነው ያልኩት።»

የእትዬ የወርቅውሃ እልልታ ከስልኩ አልፎ ሜዳውን ሞላው።